ሕዝቡ መዘጋጀቱን ማን ለካው?

ወልደ ሙግት፦ ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ ምሁር «ሥነ ምግባር በሕግ አይመጣም፤ ሕዝቡ ገና ሳይዘጋጅ ሕግ ማውጣት ትርፉ ድካም ነው» አሉ። አዘጋጁም «ግሩም ብለዋል» ብሎ አለፈው። እኔ ግን ንድድ ብሎኛል። ይቺ «ገና አልተዘጋጀም» የምትባል ነገር ስንቱን ስታስጠብቅ ኖራለች! ስዊዘርላንድን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ይምረጡ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ድምፅ የሰጡት ወንዶቹ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ «አይሆንም» አሉ። ሴቶቹ እስከ 1971 ጠበቁ። ያልተዘጋጀው ማን ነበር እንግዲህ?

ቁም ነገር፦ ወልዴ፣ ጫፍ ይዘህ አትሩጥ። እኔም ሰምቻቸዋለሁ። ምሳሌያቸው የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ነበር። በ1920 ሥራ ላይ ዋለ፣ በ1933 ተሻረ። በመሃሉ ያተረፈው ወንበዴና ጉቦኛ ፖሊስ ነው። ሰው በልቡ ያላመነበትን ሕግ በጓሮ ዞሮ ያልፈዋል። ያሉት ይኸው ነው። አንተ የሴቶችን ድምፅ ጎትተህ አመጣህ።

ልጅ ማሩ፦ ኧረ የመጠጡ ምሳሌ ራሱ ጉድ ያደርጋችኋል! ያ ሕግ በድንገት የወረደ መሰላችሁ? የሴቶች ማኅበራትና ቤተ ክርስቲያናት ለአሥርት ዓመታት ሲሰብኩ፣ ሲሰለፉ፣ ፊርማ ሲያሰባስቡ ኖረው ነው የመጣው። ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱ አጽድቀውታል። ከዚህ በላይ ምን ዝግጅት አለ? ተዘጋጅተውበትም ከሸፈ።

ቁም ነገር፦ ማጽደቅና ማመን አንድ ናቸው እንዴ? ያጸደቀው ለጎረቤቱ ከልክሎ ለራሱ የሚደብቅ ሰው ነው።

ልጅ ማሩ፦ እሺ፣ አሁን ደግሞ መስፈርቱ ልብ ሆነ። ልብ መለኪያ ካለህ አምጣው፣ ሁላችንም እንመዘን።

ትርሲት፦ «ከሸፈ» ስትሉም ቀስ በሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጠጣው መጠን ቀንሷል። በጉበት በሽታ የሚሞተውም ቀንሷል። ደሞዙን ጠጥቶ የሚገባ ባል የነበራት ሴት ብትጠየቅ «ከሸፈ» ትል ነበር? ታሪኩን የነገሩን ጠጪዎቹ ናቸው።

የማታ ተረኛ፦ ሃሃ! ትርሲት፣ ይቺን ልሰርቅሽ ነው።

አማኝ ነኝ፦ እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ሃይማኖተኛ ሰው ስለ ሕግ ሲናገር «እምነትህን አትጫንብን» ይባላል። ሌላው ያንኑ ሲያደርግ «ፍትሕ» ይባላል። የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ዊልበርፎርስና ጓዶቹ የባሪያን ንግድ ለማስቆም ሲነሱ ከየት ነው የተነሱት? ከእምነታቸው ነው። እንግሊዝ በ1807 ንግዱን በሕግ ስታግድ ያ የሰዎች እምነት ሕግ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ሁሉም በዚያ ይኮራል። ከየት እንደመጣ ሲነገረው ግን ጆሮውን ይደፍናል።

ትርሲት፦ የባሪያዎቹ ባለቤቶችም ጥቅስ ነበራቸው እኮ ወንድሜ።

አማኝ ነኝ፦ ነበራቸው። ግን ተሸነፉ። ያሸነፋቸውም ሌላ ጥቅስ ነው፣ የአንቺ «ገለልተኛ ሕግ» አይደለም።

ትርሲት፦ «ገለልተኛ ሕግ» የሚል ቃል ከእኔ አልወጣም። ከላይ ፈልግ፣ ካገኘህ ዛሬውኑ ከዚህ እወጣለሁ።

ወልደ ሙግት፦ ኧረ ተረጋጉ። አማኝ እንዲያውም ወደ ነጥቤ መለሰኝ። እንግሊዝ ባርነትን ራሱን የሻረችው በ1833 ነው። ታዲያ ሰዎቹ ወዲያው ነፃ ወጡ? አልወጡም። «ለነፃነት ገና አልተዘጋጁም፣ ይለማመዱ» ተባለና አብዛኞቹ እስከ 1838 ለነዚያው ጌቶች ያለ ደሞዝ ሲሠሩ ቆዩ። ለጌቶቹ ደግሞ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተመደበ። ለባሪያዎቹ ምንም። ለካሳው የተወሰደው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው! ልብ በሉ፣ «ያልተዘጋጀ» የተባለው የታሰረው ነው። ጌታው ካሳውን ለመቀበል በደንብ ተዘጋጅቶ ነበር።

የማታ ተረኛ፦ በ2015? የዛሬ ሁለት ሦስት ዓመት መስሎኝ ክው አልኩ። እባካችሁ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ።

ወልደ ሙግት፦ መጀመሪያ ላይ «እ.ኤ.አ.» ብያለሁ። አንብብ እንጂ ጌታዬ።

ቁም ነገር፦ ባርነትንና የሴቶችን መብት እያመጣችሁ ሰውን አታሸማቅቁ። እዚህ ባርነት ይመለስ ያለ የለም። እኔ የምለው ቀላል ነው። ሕግ ከሕዝቡ በጣም ቀድሞ ከሮጠ ዞር ሲል ብቻውን ቆሞ ያገኘዋል።

ትርሲት፦ ፈረንሳይ በ1981 የሞት ቅጣትን ስትሽር አብዛኛው ሕዝብ ቅጣቱ ይቀጥል ባይ ነበር። የፍትሕ ሚኒስትሩ ባዳንቴር ሕጉን ይዘው ፓርላማ ገቡ፣ አለፈ። ሕጉ ብቻውን ቆሞ ቀረ? አልቀረም። ቆይቶ ሕዝቡ ደረሰበት።

ቁም ነገር፦ ግማሹን ብቻ ነው የነገርሽን። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ሚተራን ከምርጫው በፊት በቴሌቪዥን «የሞት ቅጣትን እቃወማለሁ» ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ሕዝቡ ይህን እያወቀ መረጣቸው። ይሄ ዝግጅት ካልሆነ ምንድን ነው?

ልጅ ማሩ፦ ቆይ ቆይ። አሁን ዝግጅት ማለት ድምፅ መስጠት ሆነ? 46 ግዛቶች ሲያጸድቁ «ማጽደቅና ማመን አንድ ናቸው እንዴ» ያልከው አንተ አይደለህም? ሕጉ ከተሳካ ሕዝቡ ተዘጋጅቶ ነበር። ከከሸፈ አልተዘጋጀም ነበር። እንዲህ ከሆነማ እኔም ነቢይ ነኝ፣ ካለፈ በኋላ ጠይቁኝ።

ቁም ነገር፦ ቃል እየለቀምክ አትከራከር። ፍሬ ነገር ከፈለግክ እንካ። እስራኤል ውስጥ ሃይፋ ከተማ፣ መዋዕለ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ በ2000 የታተመ። ልጁን ለመውሰድ በሚዘገይ ወላጅ ላይ የገንዘብ ቅጣት ተጣለ። ምን ሆነ? መዘግየቱ ባሰ። ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ነገሩ ግልጽ ነው። ወላጁ ድሮ መምህሯን ያፍር ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ «ከፍያለሁ አይደል» ብሎ ዘና አለ። ይሉኝታ አንዴ በገንዘብ ከተተካ ተመልሶ አይመጣም። እናንተ ደንብ ባወጣችሁ ቁጥር ሰው ከራሱ ጋር የነበረው ውል ይፈርሳል።

የማታ ተረኛ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው እውነተኛ ክርክር። ማሩ፣ በምን ትመልስ ይሆን?

ልጅ ማሩ፦ ቅጣቱ እዚህ ግባ የማይባል ስለነበር ዋጋ ሆኖ ታየ። ጥናቱ ስለ ሕግ ሁሉ አይደለም። አየርላንድ በ2004 በሥራ ቦታ ሲጋራ ማጨስን ከለከለች፣ መጠጥ ቤቱን ጨምሮ። «እዚህ አገር? ማን ሊታዘዝ!» ተባለ። ታዘዙ። ዛሬ ቤት ውስጥ ሲጋራ ለኩስና ሰው እንዴት እንደሚያይህ ተመልከት። ያ ዓይን ከሕጉ በፊት አልነበረም። ይሉኝታን ሕግ ያጠፋል ብለሃል፣ ይፈጥራልም።

ቁም ነገር፦ ጭስ ሌላውን ሰው ይጎዳል፣ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። እሱን ሥነ ምግባር ብለህ አታምታታ። አየርላንድን ካነሳህ አይቀር ደግሞ ጨርሰዋ። ፍቺ በሕገ መንግሥት ክልክል ነበር። በ1986 ሕዝቡ ተጠየቀ፣ «አይፈቀድ» አለ። በ1995 እንደገና ተጠየቀ፣ ፈቀደ። ጠበቁ፣ ሰው ተለወጠ፣ ሕጉም ጸና። ማንም አልተገደደም።

ልጅ ማሩ፦ በስንት ድምፅ ልዩነት እንዳለፈ ንገራቸው እንጂ! ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ልዩነቱ 9 ሺህ ገደማ ነው። የሆነ ወረዳ ላይ ዶፍ ቢወርድ ኖሮ ዛሬ «ገና አልተዘጋጁም ነበር» ልትለን ነው።

ወልደ ሙግት፦ «ማንም አልተገደደም» የምትለዋ አልዋጥ አለችኝ። በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ትዳራቸው ፈርሶ፣ ተለያይተው እየኖሩ፣ ሌላ ማግባት ያልቻሉትስ? እነሱን የያዛቸው የጎረቤቶቻቸው ዝግጅት ማነስ ነው። ይሄ ግዴታ ካልሆነ ምን ይባላል?

አማኝ ነኝ፦ ትዳርን እንደ ቤት ኪራይ ውል አታውሩት እባካችሁ። ያንን ቃል ኪዳን የሚጠብቅ ማኅበረሰብ ያላቸው ልጆችም ነበሩ። እነሱንስ ማን ቆጠራቸው?

ትርሲት፦ አሁን ደግሞ ልጆቹ ተጠሩ። ጠርጥሬ ነበር።

አማኝ ነኝ፦ ልጆች አይጠሩ ነው የምትዪው?

ትርሲት፦ ይጠሩ። ግን በየቀኑ ጠብ ከሚያዩበት ቤት ያሉትም አብረው ይጠሩ ነው የምልህ።

ቁም ነገር፦ ወደ ጉዳዩ። ማሩ፣ በቀጥታ መልስልኝ። አብዛኛው ሕዝብ እየተቃወመ አንተ ትክክል የመሰለህን ሕግ ታወጣለህ?

ልጅ ማሩ፦ አንዳንዴ አዎ።

ቁም ነገር፦ «አንዳንዴ»! መቼ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? አንተ?

ወልደ ሙግት፦ እኔ ልመልስ። ስዊዘርላንድ ላይ ልጨርሰው። በአገር ደረጃ ከተፈቀደ በኋላም አፔንዜል ኢነርሮደን የምትባል ትንሽ ካንቶን (የአገሪቱ ክልል ማለት ነው) ሴቶችን በራሷ ጉዳይ ላይ አላስመርጥም አለች። ወንዶቹ በ1990 ተሰብስበው አሁንም «አይሆንም» አሉ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት «ይምረጡ» ብሎ ወሰነ፣ አለቀ። የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ቁም ነገር፦ ዳኞቹንስ ማን መረጣቸው?

ወልደ ሙግት፦ ፓርላማው።

ቁም ነገር፦ ፓርላማውን የመረጠው ደግሞ ያው የምታሾፍበት «ያልተዘጋጀ» ሕዝብ ነዋ! ዞረህ ዞረህ እኔ ጋ መጣህ።

ትርሲት፦ በ1990 ፓርላማውን ሴቶቹም መርጠውታል። ከ1971 ጀምሮ። ሂሳብህን እንደገና ሥራው።