እናቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ እንግሊዝ ባሕር ዳር ልሄድ ነው፣ ቀኑን የት እናሳልፍ?

ፒያሳ ዳር፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ሊድስ ያለችው እህቴ ለነሐሴ ጠርታናለች፣ ቪዛውም ወጣ፣ ተመስገን። ስካርቦሮ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ለሳምንት ቤት ተከራይታልናለች። እሷ ግን ሥራ ላይ ናት፣ ስለዚህ አብዛኛውን ቀን እኔ፣ እናቴና ሁለቱ ልጆቼ ብቻችንን ነን፣ መኪናም የለንም። ልጆቹ የስድስትና የአስራ አንድ ዓመት ናቸው። ትልቅ ውኃ ሲባል የሚያውቁት ጎርጎራ ላይ ያዩትን ጣናን ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ፋሲል ግቢ እንኳ ስንገባ ደረጃ ካለ ከታች ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀን። ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ እንግሊዝ ሄድኩ ብላ ጾም አትሽርም። እህቴ በቀን ሦስት ቦታ የሚያዞር ፕሮግራም ጽፋ ላከችልኝና ገና ሳነበው ደከመኝ። የምታውቁት ካላችሁ በእውነት ንገሩኝ፣ የቱ ይቅር? ልጆቹስ ባሕሩ ውስጥ መግባት ይችላሉ?

የአዘዞ ልጅ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ዮርክ ነው የምኖረው፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ ወደዛ እወርዳለሁ። ያንን ፕሮግራም ቅደጂው። በቀን አንድ ቦታ ይበቃል፣ ምክንያቱም እዛ ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ጣና ጠዋት ያለበት ማታም እዛው ነው። የሰሜን ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ጠዋት ሜዳ የሚያህል አሸዋ ላይ ሲሯሯጡ ቆይተው ከሰዓት ስትመለሱ ጠባብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማታ ማታ የነገውን የሙላት ሰዓት ስልክሽ ላይ እዪ። ሲሸሽ አሸዋ፣ ሲሞላ ሌላ ቦታ። በተለይ ሮቢን ሁድስ ቤይ የሚባለው ጋ ከሄዳችሁ ቀልድ የለም፣ ውኃው ገደሉ ሥር ድረስ ስለሚመጣ መመለሻ ያጡ ሰዎች አሉ።

መግባቱን ይገባሉ፣ ግን በነሐሴም ቢሆን ውኃው 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ መጀመሪያ ሲነካቸው የሚጮኹትን ጩኸት አዘዞ ሆኜም ቢሆን እሰማዋለሁ። ቀይና ቢጫ ባንዲራ ሁለት ቦታ ተተክሎ ታያለሽ። የሚዋኘው በሁለቱ መሃል ብቻ ነው፣ ጠባቂዎቹ የሚያዩት እዛ ያለውን ሰው ነው። ሙሉ ቀይ ከሆነ ማንም አይገባም። በየሱቁ በራፍ የሚነፋ ጀልባና ጎማ ተሰቅሎ ልጆቹ ግዢልን ይሉሻል፣ እንዳትገዢ፤ ከየብስ በኩል ነፋስ ከተነሳ ልጅን ይዞ ወደ ውስጥ ይሄዳል። አያድርስና አንድ ነገር ከሆነ 999 ደውለሽ ኮስትጋርድ (የባሕር ነፍስ አድኖቹ) በይ።

ለአሸዋው እዛው ስካርቦሮ ያለው ሳውዝ ቤይ የሚባለው ዳርቻ ይሻላችኋል። ከተማው ገደል ላይ ነው ያለው፣ ለእናትሽ ግን ከፈረንጆቹ 1881 ጀምሮ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚል ሊፍት አለ። ጋቢያቸውን እንዳይረሱ። ሰዉ ነፋስ የሚከልል ጨርቅ በእንጨት አሸዋው ላይ ተክሎ ከኋላው ነው የሚቀመጠው፣ እናንተም አንድ ግዙ። አህዮችም አሉ። አዎ፣ አህያ! ልጅ ከፍሎ ይጋልባል። በምዕራቡ ዳርቻ ብላክፑል ላይማ ደንብ ወጥቶላቸዋል፣ የምሳ ሰዓት አላቸው፣ አርብ አርብ አይሠሩም። የእኛ የቅዳሜ ገበያ አህዮች ይሄን እንዳይሰሙ።

ቸቸላ፦
ስለ ጾሙ እኔ ልንገርሽ እህቴ። "ድንች ጥብስ ምን አለበት" ብለሽ እንዳትሸወጂ። ዮርክሻየር ውስጥ ብዙው የዓሣና ችፕስ ቤት ድንቹንም የሚጠብሰው በበሬ ስብ ነው፣ ሰዉም ጣዕሙ እሱ ነው ብሎ ይኮራበታል። በአትክልት ዘይት የሚጠብስም አለ፣ ሳታዝዢ በፊት በምን እንደሚጠበስ ጠይቂ። ዓሣውን ለልጆቹ ትገዣለሽ ወይስ አትገዥም የሚለው የእናንተ ነው፣ እናትሽ ግን በፍልሰታ እንደማይነኩት እገምታለሁ። ቤት መከራየታችሁ ጥሩ ነው። ሽሮ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ የሩቅ መንገድ በጠዋት ይለቅ፣ ተመልሰው ቤት እንዲገድፉ። ቅቤና ቋንጣ ለእህትሽ ብለሽ እንዳትቋጥሪ፣ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው።

ልጆቹ ውጭ ሲበሉ ግድግዳ ተደግፈው ይብሉ። ነጫጮቹ የባሕር ወፎች ከኋላ ነው የሚመጡት፣ ከእጅ ላይ ከነወረቀቱ ላፍ ነው!

ቀሃ፦
እኔ ደግሞ ዊትቢ የሚባለው የወደብ ከተማ እንዳይቀር እላለሁ። ከስካርቦሮ ባለ ፎቅ አውቶቡስ አለ፣ ኤክስ93 ነው ቁጥሩ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኮረብታው ላይ የፈረሰ ትልቅ ገዳም ታያላችሁ፣ መጀመሪያ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 657 ነው። ይሄን ለእናትሽ ንገሪልኝ፦ በ664 የዛ አገር መነኮሳትና ካህናት ንጉሡ ፊት ተሰብስበው ፋሲካ በየትኛው አቆጣጠር ይውጣ ብለው የተከራከሩት እዛ ነው። የሮም አቆጣጠር አሸነፈ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ካለ ከመሄዳቸው በፊት ይጠይቁት፣ ቦታው ሌላ ነው የሚሆንባቸው። ከወደቡ በእግር ከሆነ 199 ደረጃ ስለሆነ አይሞከርም፣ በመኪና መንገድ በኩል ታክሲ ያዙ፣ በራፉ ድረስ ይደርሳል።

ልጆቹ ግን ገዳሙን አይደለም የሚወዱት፣ ወደቡን ነው። ባልዲና ሲባጎ ይሸጣል። ሲባጎው ጫፍ ላይ ቁራሽ ነገር አስረሽ ግንቡ ሥር ታወርጂዋለሽ፣ ትንሽ ቆይቶ ይከብዳል፣ ቀስ ብለሽ ስትስቢው ሸርጣን ተንጠልጥሎ ይመጣል። ባልዲው ውስጥ ጎን ጎኑን ሲቧጥጥ ድምፁ ይሰማል። ከዛ ይመለሳል ወደ ባሕሩ፣ አይበላም፣ እናትሽ አይደንግጡ። ብዙው ሰው የሚያስረው የአሳማ ሥጋ ነው፣ እናንተ የዓሣ ቁራጭ ግዙ።

የደብረ ታቦሩ፦
ከርዕሱ ልውጣና፣ ሊድስ ካላችሁ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈው እዛው ሄዲንግሊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1879፣ ገና በ18 ዓመቱ። የተቀበረው ዊንዘር ነው። ከመቅደላ በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት የቀረበውም ባሕር ዳር ነው፣ ዋይት ደሴት ላይ ኦስቦርን የሚባለው ቤቷ። አሁን ቤቱም፣ ልጆቿ ይዋኙበት የነበረው ዳርቻም ለጎብኚ ክፍት ነው። ደቡብ ጫፍ ስለሆነ ግን ከስካርቦሮ ደርሶ መልስ አይታሰብም። ሄዲንግሊን ግን ሊድስ ስትመለሱ እለፉበት።

የአዘዞ ልጅ፦
ዊትቢ ይሁን፣ ተስማምቻለሁ። የስካርቦሮውን ግንብ ግን ዝለሉት ባይ ነኝ። የጎንደር ልጅ ግንብ ሊያይ ያን ያህል አይበርም። በእሱ ፈንታ ፒዝሆልም ፓርክ ውሰጂያቸው፣ ሐይቁ ላይ ትንንሽ የጦር መርከቦች ይዋጋሉ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ሰው ገብቶ ነው የሚነዳቸው። ከፈረንጆቹ 1927 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ ቀኑን እዪ። ለእናትሽም ወንበር ሞልቷል። ዝናብ የጣለ ቀን በባቡር ዮርክ ኑ፣ የባቡር ሙዚየሙ መግቢያ ነፃ ነው። ከባሕሩ ፊት ለፊት ባሉት የጨዋታ ቤቶች ሁለት ሳንቲም እየጨመሩ ሌላ ሳንቲም የሚያስገፉ ማሽኖች አሉ፣ ልጆቹ ከዛ አይወጡልሽም፣ ገደብ አበጂ።

ፒያሳ ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የፋሲካውን ነገር ለእናቴ ነገርኳት፣ "ያሸነፉት ትክክለኞቹ ናቸው ወይ?" ብላ ይዛኛለች፣ የንስሐ አባቷን ልትጠይቅ ነው። ከእህቴ ፕሮግራም ዊትቢንና ሳውዝ ቤይን ብቻ ይዤ ሌላውን ሰረዝኩት፣ ተኮራርፈናል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አውቶቡሱ ባለ ፎቅ ከሆነ እናቴ ላይ አትወጣም፣ ታች ቦታ ይገኛል?

ቀሃ፦
ይገኛል። ታች ከፊት ያሉት ወንበሮች ለአረጋውያን ናቸው፣ ሰው ተቀምጦባቸው ቢሆን እንኳ ይነሳላቸዋል። ስትሄዱ በቀኝ በኩል ያስቀምጧቸው፣ ባሕሩ በዛ በኩል ነው። ልጆቹን ግን ፎቁ ላይ ካላወጣሽ ይቀየሙሻል፣ ትልቁ ትንሹን ይዞ ከፊት ይቀመጥ።