ስለ ፍቺ የተነገረው የኢየሱስ ቃል፦ ክርክሩ ላይ ተይዣለሁ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር እየተሰበሰብን በምንወያይበት ማኅበር፣ በወንጌል ኢየሱስ ተናገራቸው ከተባሉት ቃላት የትኞቹ በእርግጥ የእርሱ እንደሆኑ ክርክር ተነሥቶ፣ እኔ ስለ ፍቺ የተነገረውን (ሚስቱን ፈትቶ ሌላ የሚያገባ ያመነዝራል የሚለውን) በማስረጃነት አቀረብሁ። ቃሉ በማርቆስ 10፣ በሉቃስ 16፣ በማቴዎስ 5 እና 19 ይገኛል። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን የጳውሎስ ምስክርነት ነው፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከማርቆስ ወንጌል ቀድሞ በ50ዎቹ ዓ.ም. ተጻፈ በሚሉት በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ትእዛዙ የጌታ መሆኑን ይናገርና፣ በቁጥር 12 የሚለው ግን የራሱ እንጂ የጌታ አለመሆኑን ለይቶ ያስታውቃል። ቃል ፈጥሮ በጌታ ስም የሚያወራ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም ባይ ነኝ።

ተከራካሪዬ፣ የታሪክ መምህር የሆነ ወዳጄ፣ «በዝሙት ምክንያት ካልሆነ በቀር» የሚለውን የሚጨምረው ማቴዎስ ብቻ መሆኑን፣ ማርቆስም ባሏን ስለምትፈታ ሴት መናገሩን (ይህ ከአይሁድ ይልቅ ለሮማውያን ልማድ የቀረበ ነው) አሳይቶ አፌን አስያዘኝ። አንድ የአንድምታ መምህር ብጠይቅ ንባቦቹን አስማምተው ተረጎሙልኝ እንጂ የቀደመውን አልለዩልኝም፤ ሥራቸውም አይደለም።

የቃሉ መልክ ከወንጌል ወንጌል ሲለያይ፣ የምንጮቹ መብዛት የሚያረጋግጠው ዋናውን ሐሳብ ብቻ ነው፣ ወይስ የትኛው መልክ እንደቀደመ የምንለይበት አስተማማኝ መመዘኛም አለ?