የየጁቤ የዱሮ ገበያ፦ እውን ከመንቆረር ይቀድም ነበርን?

የባሶ የልጅ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት በደብረ ማርቆስ፣ በዱሮ ስሟ በመንቆረር፣ ቢሆንም የአያቴ አገር የባሶ ሊበኗ የጁቤ ናት። አያቴ በሕይወት ሳሉ «መንቆረር ገና ጫካ ሳለ የጁቤ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች» ይሉ ነበር፤ እኛ ግን ሰው አገሩን ሲያነሣ ማጋነኑ አይቀርም ብለን እየሳቅን እናልፈው ነበር። በቅርቡ ሣጥናቸውን ስናራግፍ ከሥሩ አንድ አሞሌ ጨው አገኘን። መካከሉ ወፈር ብሎ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ፣ እንደ ካራ መሳያ ድንጋይ ያለ፣ ዙሪያው በልጥ የታሰረ ነው፤ አንዱ ጫፉ ሟሙቷል። ከዚያ ወዲህ የአያቴ ነገር ከልቤ አልወጣም። ያ ገበያ በእርግጥ ነበርን? ከነበረስ ስለምን ከሰመ?

ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦
አያትህ አላጋነኑም፤ በዘመኑም ቢሆን ትክክል ናቸው። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ መንቆረርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1853 እንደሆነ ይነገራል፤ እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ ግን የባሶን ገበያ፣ ማለትም የየጁቤን፣ ያየው በዚያው አቆጣጠር በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ገበያው ያን ጊዜም የደራ ነበር።

ምሥጢሩ ያለው በዓባይ መሻገሪያ ነው። ከወንዙ ማዶ በደቡብ ምዕራብ ካሉት ከእናርያና ከጉድሩ የሚመጣው ቡና፣ ኮረሪማ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና በቀንድ የታሸገ ዝባድ (ከጥርኝ የሚገኝ ሽቶ) ወንዙን ተሻግሮ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው ባሶ ላይ ሲሆን፣ ከሰሜን ደግሞ ከአፋር በረሃ የተቆረጠውና እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ እየተጫነ ወደዚያው ይወርዳል። አሞሌ ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር፣ ዓባይን ያሻገረው ነጋዴ በጨው ብቻ ያተርፍ ነበር። ልጡም ለጌጥ አይደለም፤ የተሰበረ አሞሌ እንደ ሙሉ ስለማይቆጠር እንዳይሰበር ማሰሪያው ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ግን መንገዱ ይዘጋል፤ የዘገየ ነጋዴም ውኃው እስኪጎድል ከነአጋሰሱ ይከርማል። እንደ እኔ ግምት ገበያውን ከተማ ያደረገው ይህ ክራሞት ነው፤ የሚከርም ሰው ቤት፣ ጠላ፣ ገብስና የሚያበድረው ሰው ያስፈልገዋልና።

የከሰመበትን ምክንያት ብዙ ሰው በዓባይ ገደል ያሳብባል፤ ገደሉ ግን ገበያው በደራበት ዘመንም ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በተደረገው ጦርነት ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ሲማረኩ ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ ዞረ፤ የደቡብ ምዕራቡ ንግድም ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። ኋላ ጣሊያን የመኪናውን መንገድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን በኩል ሲያወጣ የጁቤ ከዋናው መንገድ ውጪ ቀረች።

ከጉድሩ፦
መምህር፣ እጅግ አመሰግንዎታለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይጠቀስ ባይታለፍ ደስ ባለኝ ነበር። በዚያ መሻገሪያ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከእኛ ወገን በጉድሩ ገበያ በአሰንዳቦ እየተሰበሰቡ ወደ ባሶ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ የተነዱት ባሮች በርካታ ናቸው። ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ማስያ እ.ኤ.አ. በ1852 ነጋዴ መስሎ ከጎጃም ወደ ጉድሩ የተሻገረውም በዚሁ የነጋዴ ጎዳና ነበር። የገበያውን ድምቀት ስናወሳ ይኼም አብሮ ይወሳ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦
ልክ ነዎት፤ መጻፍ ነበረብኝ፤ የእኔ ጥፋት ነው።

የየጁቤ ነዋሪ፦
እኔ የምጨምረው ስለ ኑሮው ነው። ረጅሙን ንግድ በብዛት ይዘው የነበሩት እስላም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ባላገሩ ክርስቲያን ደግሞ እህሉን፣ በቅሎውንና ማሩን ያቀርብላቸዋል። ሥጋ ለየብቻ ይበላል እንጂ ለቅሶና ሠርግ የጋራ ነው። በእናቴ ቤት ሠርግ ሲደገስ አንድ በግ ለእስላም ጎረቤት ተነድቶ ይሰጥና እርሳቸው ራሳቸው ባርከው ያርዱታል፤ ድስቱም ማማሰያውም ከእነርሱ ቤት ይመጣል፤ እናቴ ያን ድስት ለማንም አታስነካም ነበር። እኛ ልጆች በዚያ በኩል ስናልፍ እንኳ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ነው።

ዛሬ ገበያው የጤፍ፣ የስንዴና የከብት ነው። የገበያ ዕለት ከቆላው የሚወጣው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ጎሕ ሲቀድ ይደርሳል፤ ዳገቱ የአህያውን ጭነት ወደ ኋላ እያንሸራተተ ስለሚያስቸግር አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ እየደገፈ ይወጣል።

የባሶ የልጅ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ብጠይቃት፣ ጫፉ የሟሟው በርጥበት ሳይሆን አያቴ እንግዳ ሲመጣ እየፋቁ በቡና ላይ ያደርጉት ስለነበር ነው አለችኝ። አሁን በነጠላ ጠቅልለን መልሰን አስቀምጠነዋል።