ኦሽን ሲቲ ያለ መኪና ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። እኅቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ጁላይ ላይ እሷንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ኦሽን ሲቲ ሜሪላንድ (የባሕር ዳርቻ ከተማ) አራት ቀን ላሳልፍ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ አድርሳን ትመለሳለች፣ እሁድ መጥታ ትወስደናለች። መኪና ልከራይ ብዬ ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ። ያገኘሁት ርካሽ ሆቴል 94ኛ ጎዳና ላይ፣ ቤይ (የባሕር ወሽመጡ) በኩል ነው። ያለ መኪና እንዴት ነው?

መልስ 1፦
ኧረ ትችላላችሁ! ከተማው አንድ ቀጭን ደሴት ነው፣ መጥፋት የለም። ጎዳናዎቹ ከታች ከኢንሌት (ደቡብ ጫፍ ካለው የባሕር መግቢያ) እየተቆጠሩ እስከ 146ኛ ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ደላዌር ነው። አውቶቡሱ ዋናውን መንገድ፣ ኮስታል ሃይዌይን ይዞ ላይ ታች ይላል፣ በሰመር እስከ ሌሊት ድረስ። የቀን ትኬት ከያዝሽ ስትወጪ ስትወርጂ ትውያለሽ። ብቻ ዝርዝር ያዢ፣ ሾፌሩ መልስ አይሰጥም። እኔ 20 ዶላር ዘርግቼ በሩ ላይ ተገትሬ፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ እርጥብ ፎጣውን እንደተሸከመ ሲያፈጥብኝ፣ አንዲት እናት ናቸው ዘርዝረው ያወጡኝ።

መልስ 2፦
ይቻላል፣ ግን ሆቴሉን ቀይሪው። ቦርድዎክ (ባሕሩ ዳር ያለው የእንጨት መሄጃ) 27ኛ ላይ ያልቃል፤ ልጆች ደግሞ ማታ ማታ የሚፈልጉት እዚያ ያለውን ጨዋታና መብራት ነው። 94ኛ ካደራችሁ የተኛ ልጅ ታቅፈሽ በጢም ያለ አውቶቡስ ውስጥ ቆመሽ ነው የምትመለሺው። ቤይ በኩል ማለት ደግሞ ባሕር በሄዳችሁ ቁጥር ያንን ሰፊ ሃይዌይ መሻገር ነው፣ ከነልጅ ከነጃንጥላ! መኪናው ላይ ካተረፍሽው ጨምረሽ ከ27ኛ በታች፣ ውቅያኖስ በኩል ያዢ። ቦርድዎኩ ላይ የነበረው ትራም ግን ከ2024 ወዲህ ቆሟል። ብስክሌት ከፈለጋችሁ በጠዋት ነው፣ በሰመር ቦርድዎክ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አይፈቀድም።

መልስ 3፦
አሳቲግ (አጠገቡ ያለው ደሴት) ሄዳችሁ የዱር ፈረሶቹን ማየት ካሰባችሁ የከተማው አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። ጓደኛሽ ስታደርሳችሁ በዚያው አሳይታችሁ ትለፍ። ኡበር ይዘሽ ብትሄጂ መመለሻው ነው ጣጣው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! 12ኛ ላይ ውቅያኖስ በኩል አገኘሁ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግን ፍሪጅ አለው። እንጀራና ወጡን በኩለር እይዛለሁ፣ እኅቴ ሦስተኛ ቀን ላይ ፒዛ ካየች ታለቅሳለች።

መልስ 1፦
ድንች ጥብሱን ግን እንዳታሳልፊያት፣ ትራሸርስ ይባላል፣ ከ1929 ጀምሮ ያለ ነው። ካቻፕ የላቸውም፣ ኮምጣጤ ነው የሚደረግበት። ሚጥሚጣ ከቤት ያዢ።