የጎልፍ እንግዶቹ ጉዳይ፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊው፦ ሰላም ድሬዎች። በየቤታችን ልናስተናግዳቸው ያሰብናቸው የውጪዎቹ የጎልፍ ተጫዋቾች ክለብ መልስ ሰጥቷል፣ 12 ሰው ናቸው፣ ስድስት ባልና ሚስት፣ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ፣ ለ8 ቀን ነው የሚመጡት። ትኬቱን ራሳቸው ይችላሉ፣ ከኛ መኝታ ቁርስና መኪና፣ ከዛ እኛ በተራችን አገራቸው ስንሄድ እነሱ እንደዛው። ረቂቁን እሁድ ስለምልክ ያላችሁን ወዲህ በሉ።

ከገንደቆሬ፦ ጎልፉን የት ሊጫወቱ ነው አቦ? እዚህ ከፍየል የተረፈ ሳር የታል?

ከከዚራ፦ አሸዋ ላይም ይጫወታል እኮ። ሳዑዲ እያለሁ አይቻለሁ፣ አሸዋውን በዘይት ለውሰው ይጠቀጥቁትና ቀዳዳው ያለበትን ቦታ ግሪን በማለት ፈንታ ብራውን ይሉታል፣ ተጫዋቹ ደግሞ ቁራጭ አርቴፊሻል ሳር ይዞ ይዞራል፣ ኳሷን እሷ ላይ አስቀምጦ ነው የሚመታው። ደቻቱ ወንዝ ጥር ላይ ደረቅ ነው፣ ሶስት ቀዳዳ ብንቆፍርስ?

ገንዘብ ያዧ፦ ወንድሜ ደቻቱን ተወው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው እዛ አሸዋ ላይ እንግዳ አያጫውትም፣ ጥር ደረቅ ነው ብትለኝም የተሰበረ ጠርሙሱን ማን ይለቅምልሃል? ጎልፉን አዲስ አበባ ኦልድ ኤርፖርት ያለው ሜዳ ላይ መጀመሪያ ሁለት ቀን ይጫወቱና ይምጡ። ዱላውንም እዛው አደራ ይተውት፣ የአንዱ ሰው ቦርሳ እስከ 14 ዱላ ይይዛል፣ ያን ሁሉ የደንገጎን ዳገት ልናወጣው ነው?

ጸሐፊው፦ እስማማለሁ። ከኛም አራት ልጆች ይሂዱ። ባይችሉም ስክራምብል የሚባል አጨዋወት አለ፣ የቡድኑ ሰው ሁሉ ይመታል፣ ከዛ ጥሩ ያረፈችውን ኳስ መርጠው ሁሉም ከዛች ቦታ ይቀጥላሉ፣ ጀማሪ አያፍርም። ከፍታው ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሷም ራቅ ትልላቸዋለች፣ ደስ ይላቸዋል።

ገንዘብ ያዧ፦ ቀኑስ? ታህሳስ 19 ቁልቢ ነው፣ አልጋም መኪናም አይገኝም። በ2019 ደግሞ የካቲት እንደገባ ረመዳን ነው፣ ግማሻችን ፆመኛ ሆነን ቁርስ ልናቀርብ ነው ማለት ነው። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ቀናት ይሻላሉ፣ ሙቀቱም ገና አልጠናም።

ከሐረር፦ እኛን ረሳችሁን እንዴ? ሐረር በቀን ደርሶ መልስ እንዳታደርጉት ለምናችኋለሁ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ ቱሪስቱ ይመጣል፣ ጀጎልን በሁለት ሰዓት ይዞራል፣ የፈረንሳዩ ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለውን ፎቶ ያነሳል፣ ማታ ጅብ ያበላል፣ ይሄዳል፣ አንድ ሰው ስም ሳይጠይቅ። ወዳጅነት ካላችሁ ሁለት ሌሊት ስጡን። ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማለት ነው፣ እዛ ውስጥ ነደባው፣ መደቡ ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠው የቡና ገለባ ሆጃ እየጠጡ እናቴ ስፌት ስትሰፋ ይዩ፣ እሷም ስለ ልጆቻቸው ትጠይቃቸዋለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ሹራብ ይያዙ በሏቸው፣ እኛ ጋ ከድሬ ወደ 700 ሜትር ከፍ ይላል ማታ ይበርዳል።

ከገንደቆሬ፦ ይሄ ልክ ነው። ሆቴል ካሳደርናቸው ምኑን ተዋወቅናቸው። እኔ ጋ ጠዋት ፈጢራና ሻይ፣ ከዛ በእግር ከዚራ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ። ባቡሩ በ1902 በፈረንጅ ባይደርስ ኖሮ ይቺ ከተማ የት ትኖር ነበር፣ እሱን እኔ አስረዳለሁ፣ አባቴ የባቡር ሰው ነበር።

ከከዚራ፦ የኛ ጉዞስ? እነሱ መጥተው በልተው ይሄዳሉ እኛ ቪዛ ተከልክለን ቁጭ እንዳንል። የግብዣ ደብዳቤው በፕሮፖዛሉ ይካተት፣ ማን እንደሚጽፈውና መቼ እንደሚልኩት ጭምር።

ጸሐፊው፦ ገብቷል፣ እንደውም አንደኛው ነጥብ አደርገዋለሁ። ሐረር ሁለት ሌሊት፣ ጅቡም ይኖራል ግን እንደ ዋና ነገር አይጻፍም። አሁን የጎደለኝ ቤት ነው፣ ስድስት ያስፈልጋል አራት ተመዝግቧል። አንዱ እንግዳ ጉልበቱን ታሟል ደረጃ የሌለው ቤት ይፈልጋል።

ገንዘብ ያዧ፦ እሱንና ሚስቱን እኔ ጋ፣ ምድር ቤት ነኝ። ውሃ ሁሌ እንደማይመጣ ግን ቀድመህ ንገርልኝ፣ ሮቶ አለኝ፣ ባልዲና ጣሳ አዘጋጃለሁ።

ጸሐፊው፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። አንድ ቤት ቀረኝ።