ጥቆማ፦ ሐዋሳ ላይ በ30ዎቹ ዕድሜ ነርሲንግ ለመጀመር የትኛው ኮሌጅ፣ የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛው ዕቃ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ 34 ዓመቷ ነው፣ 12ኛ ክፍል ከጨረሰች ቆይታለች፣ የግል ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። አሁን ነርሲንግ ለመማር ቆርጣለች። የመንግሥት ኮሌጅ ይሻላታል የግል? ቀን ትማር ወይስ ኤክስቴንሽን? ከዕቃስ ምን ትግዛ? ሙያው ውስጥ ያላችሁ ጠቁሙን።

መልስ 1

መጀመሪያ ደረጃውን ትለይ። ደረጃ 4 (ብዙ ሰው አሁንም ዲፕሎማ ይለዋል) በቴክኒክና ሙያ በኩል የሚሰጥ ነው፤ መጨረሻው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ነው። ዲግሪው 4 ዓመት ነው፤ መጨረሻው የመውጫ ፈተና ነው። እሱ ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ግዴታ ሆኗል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ። የሙያ ፈቃድ ሲመጣ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና አለ። ኮሌጅ ስትመርጥ የምትገዛው ክፍል ውስጥ መቀመጫ ሳይሆን ለእነዚህ ፈተናዎች መዘጋጀትን ነው።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ የዲግሪ ተማሪ የሚቀበለው በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ስለሆነ ለእሷ ቀላሉ በር አይደለም። ሐዋሳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የመንግሥት ነው፤ ወጪው ይቀላል፣ ተወዳዳሪው ግን ብዙ ነው፣ ቀኑንም ሙሉ ይይዛል። የምዝገባ ማስታወቂያው ሲለጠፍ ዝግጁ ካልሆነች ያመልጣታል። የግሎቹ በሰዓት ይመቻሉ፣ በጥራት ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ስለዚህ ስም ከመጠየቅ ወረቀት መጠየቅ ይሻላል።

የግል ኮሌጅ ሬጂስትራር ጋ ስትሄድ የዕውቅና ደብዳቤውን ታሳዩኛላችሁ ትበል። ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለው አይበቃም፣ ቀርባ ታንብበው። ዕውቅና ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፤ ለካምፓሱ፣ ለትምህርት ዓይነቱ፣ ለደረጃውና ለአሰጣጡ ነው። አዲስ አበባ ላለው ካምፓስ የተሰጠ ወረቀት ሐዋሳ ላይ አይሠራም። ፋርማሲ የሚል ወረቀት ነርሲንግ አያስተምርም። «መደበኛ» የሚል ወረቀት ቅዳሜና እሁድን አይሸፍንም። የሚያበቃበት ቀንም አለው፤ ምዝገባ ላይ የሚሠራ ሆኖ ተማሪው ሳይመረቅ የሚያልቅ አለ። ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ፣ ደረጃ 4 ከሆነ ክልሉ የቴክኒክና ሙያ ቢሮ ጋ ሄዳ ታረጋግጥ። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው፤ በድሮው የደቡብ ክልል ማኅተም ያለ ወረቀት ብቻ ካሳዩዋት አዲሱን ትጠይቅ።

ክፍያ ስታወዳድርም በክሬዲት የሚሉትን ብቻ አትይዝ። የምዝገባ፣ የላብራቶሪ፣ የአታችመንት (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ)፣ የሲኦሲ፣ የምረቃ እያሉ የሚጨምሩት አለ። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፈው እንዲሰጧት ታድርግ።

የ12ኛ ሰርተፍኬቷን ደግሞ ዛሬውኑ ታውጣ። ስሟ ከመታወቂያው ወይም ከፋይዳው ጋር በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ከተለያየ አሁን ይስተካከል። ምረቃ ላይ ሲገኝ የሚያመላልሰው ሌላ ነው። ብቁ መሆን አለመሆኗ የሚታየው በተፈተነችበት ዓመት በወጣው መቁረጫ ነጥብ ነው፤ ዘንድሮ በተፈተኑት ልጆች ውጤት ራሷን አትመዝን።

መልስ 2

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አታችመንቱን ነው፤ ኮሌጅ ከኮሌጅ የሚለየው እዚያ ነው።

የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የት ሆስፒታል ነው የምትልኩን፣ ውላችሁ አለ ወይ፣ አስተማሪ አብሮን ዋርድ (በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል) ይገባል ወይ? ለሦስተኛው «የሆስፒታሉ ነርሶች ያሳይዋችኋል» ካሏት አስተማሪ የለም ማለት ነው።

ሪፈራል ሆስፒታል ብዙ ዓይነት በሽተኛ ይታይበታል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍልም አለው፤ ግን የሕክምና ተማሪው፣ ኢንተርኑ፣ የዲግሪ ነርሱ አንድ አልጋ ላይ ይደረደራሉ፣ የደረጃ 4 ተማሪ ከኋላ ቆሞ ነው የሚያየው። እጅን ለማፍታት አዳሬ አጠቃላይ ሆስፒታል ይሻላል ባይ ነኝ። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና የቤተሰብ ምጣኔ ደግሞ ጤና ጣቢያ ነው። ይርጋለም የሚልኩም አሉ፤ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ለምትሠራ ሴት ደርሶ መልሱ ይታሰብበት።

ኤክስቴንሽን ቲዎሪውን በደንብ ያስኬዳል። ችግሩ ተግባሩ ነው። ራውንድ (ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት) የሚዞረው፣ ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ጥገና የሚሠራው፣ ተመላላሽ ክፍል የሚሞላው ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ዋርድ የሚገባ ተማሪ ሎግቡኩ (የሠራውን የሚያስፈርምበት መዝገብ) አይሞላም። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት 5 ጊዜ የሚለው ቦታ 1 ይሆንና ቀሪውን ሰው ያስፈርማል። ይህ ሲኦሲ ላይ ይታወቃል፤ ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነውና። ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጓንት አጥልቆ መጋረጃ ነካ አድርጎ የሚቀጥል ሰው ጽሑፉን ቢደፍነው እንኳ መዛኙ ፊት ይወድቃል። እጇ ያንን የሚለምደው በድግግሞሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኤክስቴንሽን ከሆነ ፈቃዷን ለአታችመንት ታስቀምጥ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156/2011) የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 1 ቀን ይጨምራል። ከአሠሪዋ ጋር ከተስማማች ደግሞ ማሸጋገር ይቻላል፣ ከሁለት ዓመት ባይበልጥም። በርቀት እናስተምራለን የሚል ካጋጠማት ግን አመስግና ትውጣ። መርፌ በፖስታ አይማሩም።

መልስ 3

ዕቃውን ለኔ ተዉት።

የደም ግፊት መለኪያ፦ ለትምህርት የእጅ (የሚነፋው፣ ባለ ሰዓት) ይሁን፤ ዲጂታሉ ለቤት ነው፣ ምዘና ላይ አይጠቅምም። ሱቅ ውስጥ ሳይነፋ መርፌው 0 ላይ መቀመጡን ትይ። ከዚያ ክንድ ላይ ጠቅልላ 200 ድረስ ትንፋና ቫልቩን ዘግታ ትጠብቅ፤ መርፌው በራሱ እየወረደ ከሄደ ቱቦው ወይም ፊኛው ይተነፍሳል፣ አትግዛው። የካፉ (ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ) ልክ የዋጋውን ያህል አስፈላጊ ነው፤ የውስጡ ፊኛ ርዝመት የክንዱን ዙሪያ 80 ከመቶ፣ ወርዱ 40 ከመቶ መሸፈን አለበት። መደበኛው ካፍ እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ክንድ ነው፤ ወፍራም ክንድ ላይ ከታሰረ ጤነኛውን ሰው ግፊተኛ ያደርገዋል።

ተማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ክንዱ ሳይደገፍ ከልብ በታች ከተንጠለጠለ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 7 እና 8 ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል። ቫልቩ በአንዴ ከተለቀቀ የላይኛው ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ይላል፤ በሰከንድ 2 እየወረደ ነው መሆን ያለበት። ቡና ጠጥቶ የመጣ ሰው 30 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ከዚያም 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፣ ሲለካም አያውራ። እኛ አገር ከባዱ ይህ የመጨረሻው ነው፣ ሰላምታው ራሱ 5 ደቂቃ ይፈጃል።

ስቴቶስኮፕ፦ ሊትማን የሚል የምርት ስም የተጻፈበት ሁሉ ሊትማን አይደለም። በርካሽ «ኦርጅናል» ከመግዛት ስሙን የማያስመስል ባለ ሁለት ገጽ ተራ ዕቃ ይሻላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበቃል። ጆሮ ላይ የሚገባው ጫፍ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ ነው የሚዞረው፤ ገልብጦ አድርጎ «አይሰማም» ብሎ የሚመልስ ገዢ ብዙ ነው። አሁንም ካልተሰማ ደረት ላይ የሚያርፈውን የስቴቶስኮፑን ጭንቅላት አዙራ ትሞክር፣ ክፍት ሆኖ የነበረው ሌላው ገጽ ይሆናል። ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተወው፣ ቱቦው ይደርቃል።

ጋውን ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ቴትሮን አስለክታ ብታሰፋ ይሻላታል፣ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲለበስ። ጫማ ድፍንና የማይንሸራተት፤ በቀዳዳው ደም የሚያስገባ ክፍት ጫማ አይሆንም። የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ግድ ነው፣ ስልክ እያወጡ ትንፋሽ መቁጠር ዋርድ ውስጥ ያስነቅፋል።

መልስ 4

ማንም ያላነሳው ክትባቱን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት 3 ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። ስለዚህ አታችመንት ሲደርስ ሳይሆን በተመዘገበች ሳምንት ትጀምር፣ መጀመሪያ ተመርምራ። መርፌ ከወጋት ደግሞ ቦታውን በውኃና ሳሙና ታጥባ፣ ሳትጨምቀው፣ ያኔውኑ ለኃላፊዋ ትንገር። የኤችአይቪ መከላከያው ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል፤ የሚወሰደው 28 ቀን ነው። ተማሪዎች ይቆጡናል ብለው ይደብቁታል።

ሁለተኛ ሒሳብ። ከትምህርት የራቀ ሰው የሚፈራው አናቶሚን ነው፣ የሚጥለው ግን የመድኃኒት ስሌት ነው። ኮርሱ ሳይጀመር ይህንን ትለማመድ፦ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ተባለ። ሴቱ (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ፣ በእንግሊዝኛው set) ማሸጊያ ላይ 20 ጠብታ በሚሊ ሊትር ይላል። 1000 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ480 ደቂቃ፣ 42 ጠብታ በደቂቃ። በ15 ሰከንድ 10 ወይም 11 ትቆጥራለች። አደጋው ያለው ሴቱ ላይ ነው፦ የ15 ጠብታ ሴት ከሆነ 31 ነው መልሱ። በ15ቱ ሴት 42 ካስኬደችው በ8 ሰዓት ውስጥ ማለቅ ያለበት 6 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ለልብና ለኩላሊት በሽተኛ ይህ ቀልድ አይደለም። የልጆቹ ሴት 60 ጠብታ ስለሆነ ይቀላል፤ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ነው ያሉት ቁጥር ራሱ የደቂቃው ጠብታ ነው። መጀመሪያ ማሸጊያውን ማንበብ፣ ከዚያ ማስላት።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። ስቴቶስኮፑን ገዝታ ነበር፣ አሁን አዙራ አየችው፣ ይሰማል። ማክሰኞ ለሬጂስትራር ሄዳ ደብዳቤውን ትጠይቃለች፤ የካምፓሱን ስም በመጀመሪያ።

መልስ 2

የሚያበቃበትን ቀንም ፎቶ ታንሳው።