ቲንቲን ለልጆቹ፦ መጽሐፉ ይቅደም ወይስ ፊልሙ?

የአራዳው፦
ሰላም ለደሴም ለኮምቦልቻም ልጆች። ለክረምቱ የልጆች ንባብ ያዋጣነው ገንዘብ ምን ይደረግበት በሚለው ላይ ለሁለት ተከፍለናል። ግማሻችን ፕሮጀክተር ተከራይተን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የስቲቨን ስፒልበርግን የቲንቲን ፊልም እናሳይ ይላል፤ ቲንቲን ማለት ቤልጅየማዊው ኤርዤ እየሳለ የጻፈው የጀብዱ ታሪክ ጀግና ነው። ግማሻችን ደግሞ የሥዕል መጽሐፎቹ ይገዙበት ባይ ነው። እኔ የመጽሐፉ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ፒያሳ መሬት ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጽሐፎች መሀል ቲንቲንን ያገኘን ልጆች እንግሊዝኛው የት ገብቶን! ሥዕሉን ነው ያነበብነው። ከሰውየው ፊት ዙሪያ የላብ ጠብታ ከተረጨ ደንግጧል። ከአናቱ በላይ ጠመዝማዛ መስመርና ኮከብ ካለ ተመትቶ ዞሮበታል። ይህን ያስተማረን ሰው የለም። ገጹን የምንገልጠው እኛ ስለነበርን ደስ ያለን ሥዕል ላይ እስኪበቃን እንቆያለን። ያልገባንን ተመልሰን እናያለን። ፊልም ግን አይጠብቅህም።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። የቲንቲን ጓደኛ ካፒቴን ሃዶክ የቅድመ አያቱን የባሕር ውጊያ የሚተርክበት አለ። በመጽሐፉ ላይ የሚተርከው እቤቱ ሆኖ ነው። የድሮ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጎራዴ መዝዞ፣ የቤቱን ዕቃ እያተረማመሰ። አንዱ ሥዕል ላይ ሳሎኑን ታያለህ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ መርከቡን። በሁለቱ መሀል ያለውን የሚሞላው አንባቢው ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ሃዶክ ግድግዳ ላይ የነበረውን የቅድመ አያቱን ምስል በጭንቅላቱ ቀዶት ይወጣል። የሱ ፊት በሰውየው ፊት ቦታ ቁጭ ይላል። የሥጋ ዘመድ መሆናቸውን ለማሳየት አንድ ቃል አላስፈለገም! ፊልሙ ትረካውን ወደ በረሃ ወሰደው፤ አሸዋው ባሕር ሆነ፣ ውጊያውም ገዘፈ። ያምራል፣ አልክድም። ለልጁ ግን የሚሞላው ነገር አልተወለትም።

የኮምቦልቻው፦
ወንድሜ፣ ነገርህ ገብቶኛል። ግን ያ መጽሐፍ ለስንታችን ነው የደረሰው? እኛ እታች ያደግነው ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጣብበን፣ በዚያ ሙቀት፣ ፊልሙን በአማርኛ የሚተርክልንን ሰውዬ ድምፅ እየሰማን። አንድ መጽሐፍ ቢበዛ ሦስት ልጅ ተደራርቦ ያነበዋል። ፊልም አዳራሽ ሙሉ ልጅ አንድ ላይ ያስቃል። ማንበብ የሚከብደው ልጅም ከጓደኛው እኩል ታሪኩን ይዞ ይወጣል።

ደግሞ ፊልሙን እንደ ሌባ አትዩት። ስፒልበርግ መብቱን ያገኘው ኤርዤ በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ፊልሙ እስኪወጣ 28 ዓመት ፈጀ። መጀመሪያው ላይ ገበያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቲንቲንን የሚስለውን ሰውዬ አስተውላችሁታል? ኤርዤን አስመስለው ነው የሠሩት። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ፊትም ልክ የመጽሐፉ ቲንቲን ነው። ደራሲውን እንዲህ አክብሮ የሚጀምር ፊልም መጽሐፉን ይገድላል ብዬ አላምንም።

የሰኞ ገበያዋ፦
አክብሮቱ ይቆየንና፣ ሳካሪንን ምን አደረጉት? በመጽሐፉ ሰውየው የመርከብ ሞዴል የሚሰበስብ ምስኪን ነው። እንደውም እሱ ራሱ ተዘራፊ ነው። ወንጀለኞቹ ሁለቱ የበርድ ወንድማማቾች ናቸው። ፊልሙ ወንድማማቾቹን አጥፍቶ ያን ምስኪን ዋና ጠላት አደረገው። ፕሮፌሰር ካልኩለስማ ጭራሽ የለም! ጆሮው የማይሰማው፣ ሁሉን ገልብጦ የሚመልሰው ፕሮፌሰር ሳይኖር የባሕር ወንበዴው የቀይ ራክሃም ሀብት ፍለጋ ምን ጣዕም አለው? ልጆቹ ፊልሙን ቀድመው ካዩ ታሪኩ ያ ነው ብለው ይቀራሉ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የኮምቦልቻው፦
በሳካሪን ጉዳይ እውነትሽን ነው፣ እኔም አልወደድኩትም። ግን ሦስት መጽሐፍ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ፊልም ውስጥ ሲገባ የሆነ ሰው መቅረቱ አይቀርም። ልጆቹ በሳቁበት ፊልም ምክንያት መጽሐፉን ፈልገው ቢመጡስ?

መምህሯ፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ሳይነሳ እንዳያልፍ። መጽሐፍ ይገዛ ስትሉ የትኛው? የቲንቲን ሁሉ እኩል አይደለም። ቲንቲን ኮንጎ የሚሄድበት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 ሲወጣ ኤርዤ ገና ወጣት ነበር፤ ያኔ የቤልጅየም ቅኝ ግዛት የነበረችውን ኮንጎን በዓይኑ አላያትም። ጥቁር ሰዎችን እንደ ሞኝ ሕፃናት አድርጎ ነው የሳላቸው። አንድ ገጽ ላይ ቲንቲን ለኮንጎ ተማሪዎች ስለ “አገራችሁ ቤልጅየም” ሊያስተምር ይቆማል። በ1946 መጽሐፉ እንደገና ሲሳል ያ ትምህርት ወደ ሂሳብ ተቀየረ፤ ሥዕሎቹ ግን ብዙም አልተሻሻሉም። ቤልጅየም የሚኖር አንድ ኮንጓዊ መጽሐፉ ይታገድ ብሎ ከሶ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም።

እኔ ይታገድ አልልም። ትልቅ ልጅ ከአስተማሪ ጋር ቢያነበው ብዙ ይማርበታል። የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን ይዞት ቤቱ ሲገባ ግን አልስማማም። ኤርዤ ራሱ እኮ በኋላ ተለውጧል። ስለ ቻይና ሊጽፍ ሲል ዣንግ ከሚባል ቻይናዊ ተማሪ ጋር ተቀምጦ ስለ አገሩ ጠይቆ ነው የሠራው። ከዚያ በኋላ ያሉትን መርጣችሁ ግዙ።

የአራዳው፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው። የኮንጎው ከዝርዝሩ ይውጣ። የዣንግ ታሪክ ያለበት ይግባ።

የጦሳው፦
እኔ ከሁላችሁም ታናሽ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ልናገር። የምትከራከሩት ስለ እናንተ ልጅነት ነው። ቲንቲን ለኔ የታላቅ ወንድሜ መጽሐፍ ነው። የዛሬ ልጅ ስልኩ ላይ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ሲያይ ነው የሚውለው፤ ፊልም ብታሳዩት ብርቅ አይሆንበትም። ለምን የራሳችን አይገዛም? ጀምበር የሚባለው ኮሚክ (የሥዕል መጽሐፍ) እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአማርኛም አለ። ጀግናው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ይሄንን ታሪክ ደሴ ውስጥ የማያውቀው ቤት አለ?

የሰኞ ገበያዋ፦
አቦ ይመችህ! ይሄንን ቀድመን ማንሳት ነበረብን።

የአራዳው፦
ታናሼ፣ በጀምበር ተስማምቻለሁ፤ ይገዛ። በአንዱ ነገር ግን አልለቅህም። ቲንቲንን የምከላከለው ስለናፈቀኝ ብቻ አይደለም። መናፈቁንማ ይናፍቀኛል፤ ጉም የጦሳን ተራራ ሲሸፍነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ በላስቲክ የተሸፈነ መጽሐፍ ከጓደኛ ጋር ማየት የማይናፍቀው ማን አለ? ስልክ ላይ ያለው ካርቱን ልጁን እየጎተተ ይወስደዋል ያልከው አንተው ነህ። እኔ የምለውም እሱኑ ነው። የሚቆም ሥዕል ይቅረብለት። ጣቱን አስቀምጦ “ይሄ ሰውዬ ለምን ተደበቀ?” ብሎ እንዲጠይቅ። ቲንቲንም ይሁን ጀምበር፣ መጀመሪያ ወረቀት ይያዝ። ፊልሙ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ይታይ፤ ያኔ ሳካሪን ተበደለ ብለው የሚከራከሩት ልጆቹ ራሳቸው ይሆናሉ።

የኮምቦልቻው፦
እኔ አሁንም ፊልሙ ይቅደም ባይ ነኝ። ፊደል ገና እየቆጠሩ ላሉት ልጆች በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ድምፅ ሰጥታችሁ ካሸነፋችሁኝ እቀበላለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ይያዝልኝ። አንደኛ፣ መጽሐፎቹ ደሴ ብቻ አይቀመጡ፤ ግማሹ ወደ እኛ ይውረድ። ሁለተኛ፣ ፊልሙ በሚታይበት ቀን ታሪኩን በአማርኛ የሚተርክ ሰው ይኑር። እሱን እኔ አመጣለሁ፤ የድሮ ቪዲዮ ቤት ሰው አውቃለሁ፣ ድምፁ አሁንም አልተቀየረም።

መምህሯ፦
ተይዟል። የመጽሐፎቹን ዝርዝር ከመገዛቱ በፊት ላኩልኝ፤ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።